የክላክተን ፋሲካ፦ ቬስፓ፣ ትራይተንና የባሕር ዳር ትዝታ

በ1956 ዓ.ም. መጋቢት 20 ቀን፣ በፈረንጆቹ ማርች 29 ቀን 1964፣ በእንግሊዝ ፋሲካ ነበር። የእኛ ፋሲካ ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀረዋል። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከለንደን 110 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ክላክተን ለምሥራቅ ለንደን ሠርቶ አዳሪ የቆየች የባሕር ዳር መዝናኛ ናት። ያን ዓመት ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቅ ነበር፤ ከ80 ዓመት ወዲህ እንዲህ የቀዘቀዘ የፋሲካ እሑድ አልታየም። ባለሱቆቹ ገበያ ጠፍቶባቸው ተበሳጭተዋል፤ ለበዓሉ ከለንደን የመጡት፣ በኋላ "ሞዶች" እና "ሮከሮች" ተብለው የታወቁት ወጣቶች መግቢያ አጥተው በዝናብ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዳንድ ካፌና መጠጥ ቤት "እናንተን አናስተናግድም" ብሏል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ከዚያ ግፊያ መጣ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ መስኮት ተሰበረ፣ የባሕር ዳር የእንጨት ጎጆዎች ፈረሱ። አንድ ልጅ የሩጫ ማስጀመሪያ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሞተርና ስኩተር የነበራቸውም ዋናውን መንገድ ሽቅብ ቁልቁል እየተመላለሱ አናወጡት።

በማግስቱ የለንደን ጋዜጦች 97 ሰው መታሰሩን ይዘው ከተማዋ በሞተረኛ ወራሪ እጅ የወደቀች አስመስለው ጻፉ። በኋላ ሲሰላ በክላክተን የደረሰው የንብረት ጉዳት 513 ፓውንድ ነበር። ከታሰሩትም በድብደባ ወይም በሌላ የኃይል ድርጊት የተከሰሱት ጥቂት ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በ1964 እንዲህ ያለ ግርግር በታየባቸው የባሕር ዳር ከተሞች ከነበረው ወጣት አብዛኛው ሞተርም ስኩተርም አልነበረውም። በባቡር ነው የመጣው።

የባሕር ዳር ከተሞቹ ትዝታ ግን ባቡሩን ረስቶ ሞተሩን ያዘ። ትዝታው ውስጥ ያለውን እውነት ለማንጠር መጀመሪያ የሚመረመረው ሞተሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ ምን ያህል ይሄዳል፣ ምን ይበላል፣ የት ላይ ይቆማል፣ ለምን? ይህን የሚያውቅ ሰው ከአንድ የቆየ ፎቶግራፍ ብዙ ያነባል።

ሁለት ወገኖች ነበሩ። "ሞዶች" የሚባሉት በስኩተር የሚሄዱት ናቸው። ስሙ በአዲስ አበባ አነጋገር "ሞድ አለው" እንደምንለው የአለባበስ ነገር ይመስላል፤ መነሻው ግን "ሞደርኒስት" ነው፣ ዘመናዊ ጃዝ የሚያደምጡ ወጣቶች ራሳቸውን የጠሩበት። "ሮከሮች" ደግሞ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሰው ትልልቅ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል የሚነዱት ናቸው። ሞዱ ልኩን የተሰፋ ሱፍ ለብሶ ዳንስ ቤት መግባት ይፈልጋል። ሮከሩ መንገዱን ይፈልጋል፣ በተለይ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር የሚሞላበትን መንገድ።

የሞዱን ምርጫ ስኩተሩ ራሱ ያስረዳል። ቬስፓ በ1946 ፖንቴዴራ ከሚገኘው የፒያጆ ፋብሪካ ወጣ፤ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ስሙ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ላምብሬታ በ1947 ከሚላኑ ኢኖቼንቲ ተከተለ። ሁለቱም ሞተራቸው በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ከፊት ለእግር መከለያ ያላቸው ናቸው። ዘይት ሱሪ ላይ አይረጭም፣ የመንገድ ጭቃ ጫማ አያበላሽም። የሳምንት ደመወዙን ልብስ ሰፊ ጋ ለሚያፈስ የ18 ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ስኩተሩ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ይገኛል። በሱፉ ላይ የሚደረበው አረንጓዴ ካፖርት፣ ከኋላው እንደ ዓሣ ጅራት የተሰነጠቀው፣ ኤም 51 የሚባል የአሜሪካ ጦር ትርፍ ልብስ ነው። ሰፊና ርካሽ ስለሆነ ዝናቡንና ከማርሚታው የሚወጣውን ቅባታም ጭስ እሱ ይቀበላል፣ ሱፉ ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው)፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥኑ)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን)፦ የእኛ ጋራዥ ቋንቋ ቬስፓ ከተወለደበት አገር የመጣ ነው። የሐዋሳ መካኒክና የፖንቴዴራ መካኒክ ካንዴላ ሲባል አንድ ዕቃ ነው የሚያዩት። ዝምድናው በቃል ብቻም አያበቃም። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከ1960 አካባቢ እስከ 1971 ቬስፓን በፒያጆ ፈቃድ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በየከተማችን ውር ውር የሚለው ባለ ሦስት እግር የዚያ ዘር ነው። ግራ እጁ ላይ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ መያዣውን በመጠምዘዝ ማርሽ የሚቀይር የባጃጅ ሹፌር በ1964 የክላክተን ሞድ ያደርገው የነበረውን እንቅስቃሴ ነው የሚያደርገው።

የሚበላሸውም ያው ነው። የፍሪሲዮንና የማርሽ ኬብሎች ከመሪው ጫፍ ተነሥተው በመሪው ውስጥና በሻንሲው ታጥፈው ሞተሩ ድረስ ይወርዳሉ። ኬብሉ የሚበጠሰው መሐል ላይ አይደለም። ጫፉ ላይ፣ የእርሳስ እንክብሏ ከሽቦው ጋር የተበየደችበት ቦታ ነው የሚላላው። መጀመሪያ አንድ ክር ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ሦስት አራት፤ ፍሪሲዮኑ እየከበደ ሲመጣ ሽቦው ሊለቅ ቀርቦታል ማለት ነው። ጠንቃቃ ሰው አዲሱን ኬብል በግሪስ አሽቶ ከአሮጌው ጎን አስቀድሞ ያሳልፈዋል። መንገድ ላይ ሲበጠስ ጫፎቹን ብቻ ማሰር ይቀረዋል፣ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ያላሳለፈው መሪውን ሲፈታ ይመሽበታል።

ሁለተኛው ጣጣ ነዳጁ ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ የራሱ የዘይት ቋት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ለብዙዎቹ የዚያ ዘመን ላምብሬታዎች 4 በመቶ ይበቃል፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት። አሞላሉ ግን ወግ አለው። የነዳጁን ቧንቧ መጀመሪያ ዝጋ፣ ጥቂት ቤንዚን ጨምር፣ ዘይቱን አስከትል፣ የቀረውን ቤንዚን በላዩ ሙላ፣ ከዚያ ስኩተሩን በእግሮችህ መሐል ይዘህ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ዘይቱን መጨረሻ ላይ አፍስሶ ወዲያው የሚያስነሣ ሰው ዘይቱ ከታች ይዘቅጥበትና በቀጥታ ወደ ካርቡራቶሩ ይወርዳል። ካንዴላው በጥቁር ቅባት ይሸፈናል፣ ብልጭታው ይጠፋል። ለዚህ ነው መለዋወጫ ካንዴላና መፍቻው በዕቃ ሣጥኑ ውስጥ የማይጠፉት። ዘይቱ ሲያንስ የባሰ ይመጣል። ፒስተኑ ግሎ ያብጥና ከሲሊንደሩ ጋር ይያያዛል፣ የኋላው ጎማ በሩጫ ላይ ቀጥ ይላል። ልማድ ያለው ነጂ የሞተሩ ድምፅ ሲጠብብ ገና ከመያያዙ በፊት ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፤ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት ሁልጊዜ ዝግጁ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የቁልቁለቱ ነገር ነው። ከለንደን ወደ ብራይተን 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ባሕሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ሳውዝ ዳውንስ የተባሉትን ኮረብቶች ያቋርጣል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ዘግቶ በማርሽ ብቻ የሚወርድ ሰው ቤንዚኑን ሲከለክል ዘይቱንም አብሮ ይከለክላል። ሞተሩ በፍጥነት እየተሽከረከረ ያለ ዘይት ይቀራል። ስለዚህ እየወረዱ በየጥቂት ሰከንዱ ነዳጅ ትንሽ ትንሽ መስጠት ያስፈልጋል፣ ወይም ፍሪሲዮን ጨብጦ በፍሬን መውረድ።

ጎማውም አደጋ አለበት። ጎማው 8 ወይም 10 ኢንች ብቻ ነው፣ ቸርኬውም በቡሎን የተገጠሙ ሁለት ግማሾች ነው። ጎማ የተነፈሰበት ሰው ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙትን ዳዶዎች ከመንካቱ በፊት አየሩን እስከ መጨረሻው ማስወጣት አለበት። የተነፋ ጎማ ላይ የተሳሳተውን ዳዶ የፈታ ሰው ግማሹ ቸርኬ ተፈናጥሮ ፊቱን ወይም እጁን ይመታዋል። የባጃጅ ጎማ የሚጠግን ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በፎቶግራፎቹ ላይ የምናየው የመብራትና የስፖኪዮ ጫካስ? የኒኬል ዘንግ ከፊት ይታሰርና አሥርም ሃያም ስፖኪዮ፣ በመሐላቸው ፓውዛዎች ይደረደራሉ። ማታ ማታ እንደ ገና ዛፍ እያበሩ ይመጡ ነበር የሚል ትዝታ በየከተማው ይሰማል። ሽቦውን የተከተለ ሰው ግን ሊያምን ይቸገራል። የተራው ላምብሬታ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው፣ የሚመነጨውም ሞተሩ ላይ ከሚዞረው ማግኔት ነው፤ አቅሙ ዋናውን መብራትና የኋላውን ለማብራት የተለካ ነው። ሁለት ፓውዛ ሲጨመርበት ሁሉም እንደ ሻማ ይቀላሉ፣ ሞተሩ ቀስ ሲል ደግሞ ጭራሽ ይደበዝዛሉ። ባትሪ ያለው ስኩተር ትንሽ ይሻላል፣ እሱም በግማሽ ሰዓት ይደክማል። ከእነዚያ መብራቶች ብዙዎቹ ጌጥ ነበሩ፤ የቀን ፀሐይ እንጂ አምፖል አላበራቸውም።

ወደ ሮከሩ ስንመጣ ጉልበቱ ሌላ ነው። የብዙዎቹ ስኩተሮች ጉልበት ከ10 ፈረስ አይበልጥም፤ የ1959ኙ ትራያምፍ ቦነቪል 650 ሲሲው 46 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ግን የዚያን ዘመን ሮከር ልብ የሰቀለው ፋብሪካ የማይሠራው ሞተር ነው፦ ትራይተን። የትራያምፍ ሞተር፣ የኖርተን ሻንሲ፣ ስሙም ከሁለቱ የተገመደ። ትራያምፍ ሞተሩ ጠንካራና ለማፍጠን የሚመች ሲሆን ሻንሲው ኩርባ ላይ ይዋልል ነበር። ኖርተን ደግሞ ከ1950 ጀምሮ የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈውን "ፈዘርቤድ" የተባለ ሻንሲ ይዟል፤ ኩርባ ላይ እንደ ሐዲድ የሚይዝ ነው። ሻንሲው በብዛት የተገኘው በሚገርም መንገድ ነው። የ500 ሲሲ ትንንሽ የውድድር መኪና የሚሠሩ ሰዎች የኖርተንን፣ ማንክስ የተባለውን የውድድር ሞተር ሳይክል ሞተር ይፈልጋሉ፣ ኖርተን ግን ሞተሩን ለብቻው አይሸጥም። ሙሉውን ገዝተው ሞተሩን ሲያወጡ ባዶ ሻንሲ ይተርፋል። የአንዱ ትርፍ ለሌላው ሲሳይ ሆነ።

አገጣጠሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ1963 በፊት የነበረው 650 ትራያምፍ ሞተሩና ካምቢዮው የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙ ሳህኖች ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ አሉሚኒየም ይቆረጣሉ። ሞተሩ በተቻለ መጠን ወደ ፊትና ወደ ታች ይቀመጣል፤ የፊት ጎማው መሬቱን የሚጨብጠው ያኔ ነው። ነገር ግን ቴስታታውን ሞተር ሳያወጡ መፍታት እንዲቻል ከላይ ክፍተት መተው አለበት። ይህን የረሳ ሰው ለአንድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ብሎ ሙሉ ሞተር ያወርዳል። ቀጥሎ ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ይዞ የካምቢዮውና የኋላ ጎማው ጥርሶች በአንድ መስመር መሆናቸውን ማየት ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፉ ካቴናው በጎን ይበላል፣ በፍጥነት ላይም ይወልቃል። ከሞተር ወደ ፍሪሲዮን የሚሄደው ካቴና መሐሉ ላይ በጣት ሲነሣ 12 ሚሊ ሜትር ያህል መላላት አለበት፤ ከዚያ ከጠበቀ ኩሽኔቱን ይጨርሳል።

በመጨረሻም ቴስታታውን ከሻንሲው ጋር የምታያይዘው ትንሿ ማሰሪያ አለች። ብዙ ሰው "ጌጥ ናት" ብሎ ይተዋታል፤ ትራይተን የሚሰነጠቀው እሷ ስትጎድል ነው። የትራያምፍ ሁለት ፒስተኖች እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ንዝረቱ ከባድ ነው። ያቺ ማሰሪያ ከሌለች ሞተሩ በሳህኖቹ ላይ እንደ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ሳህኖቹ በቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ይሰነጠቃሉ። ንዝረቱ ዳዶ ይፈታል፣ የአምፖል ክር ይበጥሳል፣ የዘይት ቧንቧ ያላላል። ከ200 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በመፍቻ መዳሰስ የግድ ነው። አንድ ሮከር መንገድ ዳር ተንበርክኮ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ለጠብ ሲዘጋጅ አድርጎ የሚገልጽ ጽሑፍ ሳይ ይከነክነኛል። ሰውየው ዳዶ እያጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ግጭቱን በተመለከተ ክላክተን መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አልነበረም። በዚያው ዓመት ግንቦት አጋማሽ በጰራቅሊጦስ በዓል ብራይተንና ማርጌት ተራቸው ደረሰ። የብራይተን ባሕር ዳር አሸዋ የለውም፣ ጠጠር ነው፤ የተወረወረው ድንጋይ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መልሱ እግር ሥር ነው። በእንጨትና በሸራ የተሠሩት የሚከራዩ ተጣጣፊ ወንበሮችም አብረው በረሩ። በማርጌት ዳኛው ዶክተር ጆርጅ ሲምፕሰን ወጣቶቹን "የሰጋቱራ ቄሳሮች" ብለው ሰደቧቸው፣ ስድቡ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። 75 ፓውንድ የተቀጣ አንድ ልጅ "በቼክ እከፍላለሁ" አለ፤ ጋዜጦቹም የጠገበ የሀብታም ልጅ ማስረጃ አድርገው አወጡት። ልጁ የባንክ ሒሳብ እንኳን አልነበረውም፤ ለአፉ ያህል የተናገራት ነበረች። ነሐሴ መግቢያ ላይ ሄስቲንግስ ስትጠብቅ ፖሊስ ከለንደን በአውሮፕላን መጣላት። ፓርላማም በዚያው ዓመት ንብረት በተንኮል ማበላሸትን የሚመለከት ሕግ አወጣ። ያ ሁሉ ጥድፊያ ከጉዳቱ ጋር ሲመዛዘን ልክ አልነበረም። ስታንሊ ኮኸን የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1972 ባሳተመው ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ የተደራጀ የሞተረኛ ቡድን የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም፣ በክላክተን ጠቡም በሞድና በሮከር መካከል ከመሆኑ ይልቅ ከለንደን በመጡትና በአካባቢው ልጆች መካከል ነበር። ሁለቱን ስም አጉልቶ ወጣቱን "አንተ የማን ነህ?" ያስባለው በኋላ የመጣው ወሬ ነው።

የዚያን ዘመን ሰዎች ትዝታ ለመሰብሰብ ለሚነሣ ሰው ጥቂት መፈተኛዎች አሉ። ላምብሬታ ኤስኤክስ 200 በ1964 አየሁ የሚል ሰው ዓመቱን ደባልቋል፤ ያ ስኩተር የወጣው በ1966 ነው። የነሐሴው ጠብ በወሩ መጨረሻ ነበር የሚልም እንዲሁ፤ በ1964 የነሐሴ በዓል የዋለው በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ነበር፣ ወደ መጨረሻው ሰኞ መዛወር የጀመረው በ1965 ነው። ሁሉም የራስ ቁር አድርገው ነበር የሚለውም አጠራጣሪ ነው፤ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። በተለይ በብራይተን፣ በ1979 የወጣው ስለ ሞዶችና ሮከሮች የሚተርከው "ኳድሮፊኒያ" የተባለ ፊልም እዚያው ከተማ ስለተቀረጸ ብዙ ሰው የሚተርከው የፊልሙን ትዕይንት ነው፤ አንዲት ጠባብ መተላለፊያም በፊልሙ ስም የሚሳለሟት ቦታ ሆናለች። ይህን ስል ባለትዝታው ዋሸ ማለቴ አይደለም። የሰማው ጩኸት፣ የሸተተው የተቃጠለ ዘይት እውነት ነው፤ ቀኑ ነው የተንሸራተተው። ስለዚህ "ምን ሆነ?" ከማለት ይልቅ "ሱቁ ስንት ሰዓት ተዘጋ? ልጆቹ የመጡት ከጣቢያው በኩል ነው ወይስ በዋናው መንገድ? ጭሱ ምን ይሸት ነበር?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ባለ ሁለት ምት የተቃጠለ የዘይት ጭስ ትዝታው ውስጥ ካለ ስኩተር ነበር፤ የጋለ ብረትና ቤንዚን ብቻ ከሆነ ትራያምፍ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባው ግን የሚረሳው ሰው ነው እላለሁ። ቢል ሸርጎልድ የተባሉ የምሥራቅ ለንደን ቄስ በ1962 ራሳቸው ሞተር እየነዱ ኤስ ካፌ የተባለው የሮከሮች መሰብሰቢያ ሄደው ልጆቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጋበዙ፤ ሞተሮቻቸውንም ባረኩ። ፊፍቲናይን ክለብ የተባለው ማኅበር የሞተረኞች ክፍል ከዚያ ተነሣ። ጋዜጣው "ወራሪ" ብሎ ከመጥራቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ አንድ ሰው ልጆቹን በስማቸው ጠርቷቸው ነበር። ኤስ ካፌ በ1969 ተዘጋ፣ በ2001 እንደገና ተከፈተ። የቀድሞ ደንበኞቹ በየዓመቱ ብራይተን ማዴራ ድራይቭ ድረስ ይነዳሉ፤ ስኩተረኞቹም በነሐሴ በዓል ወደ ዋይት ደሴት ይሻገራሉ።

ከባሕር ዳር ለሚመለስ ሁሉ፣ ቬስፓም ሆነ ትራይተን፣ የመጨረሻው ሥራ አንድ ነው። የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዟል፤ ጨው በኒኬሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ብረቱን ከሥር ይበላዋል፣ በሳምንት ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። በዚያው ዕለት ማታ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ በንጹሕ ውኃ ያለ ግፊት ማጠብ፣ የቸርኬውን ዘንጎችና የስፖኪዮውን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ማድረቅ፣ ሰም መቀባት፤ ለካቴናውና ለኬብሎቹ ጫፍ ዘይት ጠብ ማድረግ። ፍሬኑ ውኃ ስለነካው በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ እየነዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዝ ለቀቅ አድርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል።